ውሰት፣ ብድር፣ አደራ

አማርኛችን ከእኛ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ ጠንቃቃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጎረቤት ቤት ምጣድ ፈልገን ስንሄድ «አውሱኝ» እንላለን። ጤፍ ያለቀብን እንደሆነ ግን «አበድሩኝ» እንጂ «አውሱኝ» የሚል የለም። የተዋስነው ምጣድ ሲመለስ ያው ራሱ ምጣድ መሆን አለበት። በምትኩ አዲስ ገዝተን ብንወስድ እንኳ «የእኔስ የት ገባ?» መባላችን አይቀርም። የተበደርነው ጤፍ ግን ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ፣ ተበልቷል። የምንመልሰው ሌላ ጤፍ ነው፤ ጨዋ ሰው ከሆንን ደግሞ ስፍሩን ሞላ አድርገን። ሦስተኛም ቃል አለን፤ አደራ። አደራ ተቀባዩ ዕቃውን ልጠቀምበት ብሎ አልጠየቀም። ባለቤቱ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ «አደራህን» አለው፤ እሱም «እሺ» አለ። በሦስቱም የሰው ንብረት በእጃችን ይገኛል። ዕዳችን ግን አንድ አይደለም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መጽሐፍ ከሦስቱ የትኛው ነው?

የሚቀልዱ አሉ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፣ የተዋሰውን የሚመልስ ግን ከእሱ የባሰ ሞኝ ነው ይላሉ። በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው መጻሕፍት ቢቆጠሩ ነገሩ ቀልድ ብቻ አለመሆኑ ይታወቅ ነበር። ደግሞስ የሚመልሰው ሰው ቢሆን መቼ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል? ወረቀቱን ይመልሳል፤ ያነበበውን ግን ከጭንቅላቱ አውጥቶ ሽፋኑ ውስጥ ሊከተው አይችልም። በልቶታላ! ስለዚህ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ዕዳ ነው። ወረቀቱ ወይም ብራናው ውሰት ነው፤ በውስጡ ያለው እውቀት ብድር ነው። ውሰቱን መልሶ ብድሩን የረሳ ሰው ስንት ነው!

የአይሁድ ሊቃውንት በዚህ ነገር ላይ አስበውበታል። በታልሙድ ውስጥ ስለ አንድ የዳዊት መዝሙር የሚወያዩበት ቦታ አለ። መዝሙሩ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 112ኛው፣ በእኛ ዳዊት ደግሞ 111ኛው ነው። ስለ ጻድቅ ሰው ሲናገር ሀብት በቤቱ እንዳለ፣ ጽድቁም ለዘላለም እንደሚኖር ይገልጻል። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። ሀብቱን የመጸወተ ሰው ሀብቱ ከቤቱ ወጥቷል፤ ያልመጸወተ ደግሞ ምን ጽድቅ አለው? ሁለቱ በአንድ ቤት እንዴት ያድራሉ? አንደኛው ሊቅ ይህ ተምሮ የሚያስተምር ሰው ነው አለ። ሌላኛው ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍትን ጽፎ ለሰዎች የሚያውስ ሰው ነው ሲል መለሰ። መጽሐፉ የእሱ እንደሆነ ይቀራል፤ በጎ ሥራው ግን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል።

እኔ ለቤተ መጻሕፍት ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም። ሀብቱ በቤቱ መኖሩን ማንም ጎብኚ ያያል። ጽድቁ ከበሩ ይወጣል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

በዚህ ሚዛን ራሳቸው አይሁድ ያቋቋሟቸውን ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ብንመዝን ነገሩ በቀጥታ ወደ እኛ ወደ ጣና ዳር ይመጣል። በኢየሩሳሌም ያለው ቤተ መጻሕፍት መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተከፈተው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ ለረጅም ዘመን «የአይሁድ ብሔራዊና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት» ይባል ነበር። ዛሬ የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ሕንፃ ገብቷል። ሁለተኛው ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ነው። በሁለቱም የእኛ አገር ብራናዎች አሉ። በግዕዝ የተጻፉ፣ ነገር ግን የአይሁድ የሆኑ መጻሕፍት፤ የቤተ እስራኤል መጻሕፍት።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በስሜን፣ በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ የፈረንሳይ አይሁዳዊ ሊቅ ወደ እነሱ መጣ። ትእዛዘ ሰንበት የተባለውን መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመው። ደቀ መዝሙሩ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። ከዚያም ደጋግሞ ተመላለሰ፤ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ልኮ አስተማረ፤ መጻሕፍትም ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቴል አቪቭ ውስጥ ሲሞት የመጻሕፍት ስብስቡን ትቶ ሄደ። ይህ ስብስብ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። መጻሕፍቱ ቀድመው ሄደው ነበር፤ ባለቤቶቹ ተከተሏቸው። በዓለም ላይ እንዲህ የሆነ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ያለ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ተሰዶ መጽሐፉ ይቀራል፤ ወይም መጽሐፉ ተዘርፎ ሰውየው ይቀራል።

እንግዲህ መልካም ሆነ፣ መጽሐፉና ባለቤቱ ተገናኙ ብለን ልንዘጋው ነበር። ግን አልተገናኙም። ግዕዙን የሚያነቡት ቄሶቹ ነበሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በነታንያ፣ በአሽዶድ፣ በረሆቮት በዕብራይስጥ አደጉ። የአያቱን ኦሪት የንባብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጉለት ከፊደሉ ውበት በቀር የሚያየው ነገር የለም። እዚህ ደግሞ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ያለፈ የቆሎ ተማሪ ያንኑ ገጽ እንደ ውሃ ሊያነበንበው ይችላል። እሱ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ መኖሩንም አልሰማም፤ ቢሰማም ቴል አቪቭ ለእሱ ሰማይ ናት። ባለቤቱ ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ የሚችለው ባለቤት አይደለም። በመካከል ያለው ቤተ መጻሕፍት ብራናውን በተገቢው ሙቀትና ቅዝቃዜ ይጠብቃል። ጠብቆ ምን ሊያደርገው ነው?

እዚህ ላይ «የእነሱ መጽሐፍ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ የማን ነው ብለን እንጠይቅ። የቤተ እስራኤል ኦሪት ግዕዙ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ኦሪት ግዕዝ ነው። ብዙዎቹን ብራናዎች የጻፉት ክርስቲያን ጸሐፊዎች ናቸው፤ ቤተ እስራኤል ገዝተው ወይም አስጽፈው ወስደዋቸዋል። በሥላሴ ስም የሚከፍተውን መግቢያ ፍቀው ወይም ትተው የእስራኤልን አምላክ በሚባርክ ቃል ተክተውታል። ሊቃውንት መርምረው እንዳሳዩት ገድለ አብርሃምና ሞተ ሙሴ የመሳሰሉት መጻሕፍት ወደ እነሱ የመጡት በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እጅ በኩል ነው። አርድእት የሚባለው መጽሐፍ ክርስቲያኑም የራሱ ቅጂ አለው፣ ቤተ እስራኤሉም የራሱ።

ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ ብድሩ ይገለበጣል። መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ እጅ፣ በአራማይክና በዕብራይስጥ የተጻፉ ናቸው። አይሁድ ራሳቸው ተዉአቸው፤ በሌላውም ዓለም ጠፉ። ሙሉ ሆነው የተገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ምሁራኑ ጉድ አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የእነዚሁ መጻሕፍት ቁርጥራጮች በአራማይክና በዕብራይስጥ ተገኙ። ቁርጥራጮቹ የየትኛው መጽሐፍ ክፍል እንደሆኑ ለመለየትና ቦታ ቦታቸውን ለማስያዝ የግዕዙ መጽሐፍ ግድ ነበር። አንድ ሺህ ዓመት በላይ በአደራ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። አደራ ያለው ሰው አልነበረም፤ «እሺ» ያለም አልነበረም። ሆኖም መነኮሳቱ እየጻፉ፣ ሲያረጅም እንደገና እየገለበጡ አቆዩት።

ስለዚህ በጣና ዙሪያ «የእነሱ መጽሐፍ» እና «የእኛ መጽሐፍ» የሚባለው ድንበር የተፋቀ ብራና ነው። ለጎረቤታሞቹ ግን ይህ ብቻ በቂ አልሆነም። በርስት መሬት የተነፈገው ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ይሠራል፤ ሚስቱ እንስራና ጀበና ትሠራለች። ገበሬው ማረሻውን ገዝቶ ይሄድና ማታ ስለ ሠሪው «ቡዳ ነው» እያለ ልጁን ያስፈራራል። ከአንድ ሰው እጅ ማረሻና መጽሐፍ እየተቀባበሉ ሰውየውን መፍራት! ይህን ዕዳ በየትኛው መዝገብ እንደምንጽፈው አላውቅም። ቢያንስ በሚቀጥለው ትውልድ መጽሐፉን አብሮ ማንበብ ግን ከአከፋፈሉ መንገዶች አንዱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዘንዘልማ እንሻገር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንወጣ፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ አለ። እዚያ የምትማር አንዲት ወጣት አለች እንበል። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሐይቁ ዳር መሬት አያያዝ ነው። ወይም ስለ ማረሻ ታሪክ፤ ማን ሠራው፣ ከየት ገዛው፣ በስንት ገዛው የሚለው። «የግብርና ተማሪ ከብራና ጋር ምን አገናኛት?» እንዳትሉ። በየወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈው የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የወሰን ምልክት፣ የምስክሮች ስም ነው። መሬቱ በማን እጅ እንደ ነበር የሚናገር ሌላ ሰነድ ብዙ ጊዜ የለም። ስለ ቤተ እስራኤል አንጥረኞች ማወቅ ከፈለገች ደግሞ የፋይትሎቪች ዓይነት ስብስብ ውስጥ መግባቷ አይቀርም።

ይህች ልጅ ምን ያጋጥማታል? የመጀመሪያው በር ቅርብ ነው፤ ክብራን ገብርኤል ከባሕር ዳር በጀልባ አጭር መንገድ ነው። ግን ሴት አይገባበትም። የክብራንን መጻሕፍት ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ፎቶ አንሥቷቸዋል። ካታሎጉ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጀርመንኛ ታትሟል፤ ማይክሮፊልሙ በርሊን ነው። እንግዲህ ለዚህች ተማሪ ከማረፊያ ክፍሏ መስኮት ባሻገር ካለው ደሴት ይልቅ በርሊን ትቀርባለች ማለት ነው። ጉድ አይደለም?

ሁለተኛው በር የቴል አቪቭና የኢየሩሳሌም ነው። የዓለም ትልልቅ የምርምር ቤተ መጻሕፍት አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። የታተመ መጽሐፍ ለአባል ይዋሳል። አባል ላልሆነ ሰው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ይዋዋሳሉ። ማለትም ለዘንዘልማዋ ተማሪ ለእሷ አይሰጧትም፤ «እኔ እመልሳለሁ» ብሎ ለቆመላት ተቋም ይልኩለታል። ብራና ግን ከቤት አይወጣም። የሚነበበው በንባብ ክፍል፣ ጠባቂ ባለበት፣ በእርሳስ ማስታወሻ እየተያዘ ነው። ራቅ ያለ ሰው የገጾቹን ምስል ያዝዛል ወይም በኢንተርኔት የተለቀቀ ከሆነ ከዚያ ያያል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን በመጀመሪያ ምን እንዳለ ማወቅ አለባት። መዝገቡ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ የግዕዙ መጽሐፍ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት መንገድ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። «ትእዛዘ ሰንበት» ብላ በአማርኛ ፊደል ብትጽፍ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሊመጣላት ይችላል። አያቷ የሚያውቁት መጽሐፍ አልተገኘም!

ውሰትና ዋስ ዘመዳሞች ናቸው። ያለ ዋስ ውሰት የለም። የዘንዘልማዋ ተማሪ የጎደላት ዋስ ነው ባይ ነኝ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከውጭ ተቋማት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማሉ፤ ፎቶ ይነሣል፣ ዜና ይሠራል። በሰነዱ ውስጥ «ተማሪዎቻችን የእናንተን መጻሕፍት እንዲዋሱ ዋስ ሆነናል» የሚል አንድ አንቀጽ አለ ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ካለ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ አንዱ ወንድሜ ተነሥቶ «ምን ውሰት ውሰት ትላለህ? የእኛን መጽሐፍ ለምን ከእነሱ እንለምናለን? ሁሉም ይመለስ!» እንደሚል አውቃለሁ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ሦስቱን ቃላት እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው ውሰትም፣ ብድርም፣ አደራም አይደለም፤ ዘረፋ ነው። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለንደን ገቡ። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን አስመልሰዋል። አንዱ መመለስ ከቻለ ሌላው የማይመለስበት ምክንያት በበኩሌ አይታየኝም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የቤተ እስራኤል ኦሪት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይመለስ ብንል ለማን ነው የሚመለሰው? ባለቤቶቹ እዚያ ናቸው። አንዳንዱ ቄስ ኦሪቱን በነጠላው ጠቅልሎ በሱዳን በረሃ ተሸክሞ ሄዷል። ያን መጽሐፍ «የኢትዮጵያ ቅርስ ነውና አምጣ» ብንለው በአንድ ቤተሰብ ላይ ሁለተኛ ስደት ማወጅ ነው። መጽሐፉ የእሱ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ አውሱን። እናንተም የጎደላችሁን ከእኛ ተዋሱ።

ሌላው ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ይነሣል። «እነሱ ባይሰበስቡት ምስጥ ይበላው፣ ዝናብ ያበሰብሰው ነበር፤ ለምን እናመስግናቸው አንልም?» ይላል። ይመስገኑ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀጣጠለውን ጦርነት ላየ ሰው ቅጂው በሌላ አገር መቀመጡ ምን ያህል መድን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ግን ጥሩ ጠባቂ መሆን ባለቤት አያደርግም። ጎተራ ጠባቂ እህሉን ከነቀዝ ስላዳነ እህሉ የእሱ አይሆንም። ይልቁንም ጎተራውን በረሃብ ቀን ካልከፈተ ከነቀዙ በምን ተሻለ? አደራ በላ የሚባለው ዕቃውን የሸጠ ብቻ መሆን የለበትም። ባለቤቱ መጥቶ በር ሲያንኳኳ ቁልፉን የደበቀም አደራ በላ ነው።

በዚህ ረገድ አይሁድ ራሳቸው ያደረጉት ነገር ሊያስተምረን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950፣ መንግሥታቸው ገና ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ በቤን ጉርዮን አሳሳቢነት አንድ ተቋም አቋቋሙ። ሥራው በዓለም ዙሪያ የተበተኑትን የዕብራይስጥ ብራናዎች ማይክሮፊልም አንሥቶ በኢየሩሳሌም ማከማቸት ነበር። ከየቤተ መጻሕፍቱ ብራናውን አልቀሙም፤ ንባቡን ለመኑ። ዛሬ ከሚታወቁት የዕብራይስጥ ብራናዎች አብዛኞቹ በዚያ ቅጂያቸው አለ፤ ብዙዎቹም በኢንተርኔት ይታያሉ። እኛም ዘግይተን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እነዚህን መጻሕፍት ሲመዘግቡ ነው። ሰው ብድሩን እንዲህ ይከፍላል።

ግን እነሱም እኛም አንድ ነገር አመለጠን። የእነሱ ዘመቻ የሰበሰበው በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈውን ነው፤ የእኛው ደግሞ በዋናነት የዞረው አብያተ ክርስቲያናትንና ገዳማትን ነው። በግዕዝ የተጻፈው የቤተ እስራኤል መጽሐፍ ለአንዱ «አይሁድ ነው ግን ዕብራይስጥ አይደለም»፣ ለሌላው «ግዕዝ ነው ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለም»። በሁለት ቤት መካከል የቀረ እንግዳ።

ደግነቱ አሁን አሁን ነገሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል የተወለዱ ተማሪዎች የአባቶቻቸውን ኦሪት የሚያጠኑበት «የኦሪት ጠባቂዎች» የተባለ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተከፍቷል። ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋር በተሠራ ሥራም በቄሶች እጅ ያሉ መጻሕፍት ምስላቸው እየተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከእነዚህ መካከል የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው የተባሉ ሁለት ኦሪቶች መገኘታቸው ተነግሯል። መጽሐፉ ከባለቤቱ ቤት ሳይወጣ ንባቡ ለሁሉ ሲደርስ ያ ከታልሙዱ ሊቅ መልስ ጋር አንድ ነው፤ ሀብቱ በቤቱ፣ ጽድቁ በውጭ።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። የጣና ገዳማት ዕቃ ቤት ቁልፍ ጠንካራ ነው። መነኩሴው «አይታይም» ሲል እንግዳው ይከፋል። ግን ከብሩስ ጀምሮ፣ ከመቅደላ ጀምሮ፣ በየጊዜው በሌሊት ከጠፋው ብራና ጀምሮ ያለውን ስንቆጥር መነኩሴው ጥርጣሬውን ከአየር አላመጣውም። «ላየው ብቻ» ብሎ የመጣ ስንቱ ነው ይዞ የሄደው! ምስሉን አንሥቶ የሄደውም ቢሆን ስንቱ ነው የታተመውን መጽሐፍ አንድ ቅጂ ለገዳሙ የላከው? መነኩሴው የዘጋው ብድሩ ስላልተመለሰለት ነው። ከእሱ ደጅ ወጥተን አበዳሪ የለም ብለን እናማዋለን እንጂ ተበዳሪው ምን አደረገ ብለን አንጠይቅም።

ለዚህ ነው መዋስ ከመብት በፊት የምግባር ጥያቄ ነው የምለው። ቴል አቪቭ ያለው ቤተ መጻሕፍት የግዕዝ አንባቢ ያስፈልገዋል። የዘንዘልማዋ ተማሪ የመጽሐፉ ምስል ያስፈልጋታል። የነታንያው ወጣት የአያቱን ቋንቋ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል። የክብራኑ መነኩሴ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። አራቱም ባለ ሀብት ናቸው፤ አራቱም ድሆች ናቸው። አንዳቸውም ለብቻቸው መጽሐፉን ማንበብ አይችሉም።

መላው ይህን ያህል የረቀቀ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ መዝገቡን በግዕዝ ፊደልም ይጻፈው፤ ተማሪዋ በአያቷ አጠራር ፈልጋ ታግኘው። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ዋስ ይቁምላት። እሷም ምስሉን ስትቀበል «ተመስገን» ብላ በኮምፒውተሯ አትቅበረው፤ የኅዳጉን ጽሑፍ አንብባ፣ የተሳሳተውን የካታሎግ መስመር አርማ፣ ትርጉሟን ለቴል አቪቭም ለገዳሙም ትላክ። ለቅኔ ተማሪውም በመስመር ላይ የሚያስተምርበት አንድ ሰዓት ይመቻችለት፤ ከወዲያ ማዶ የቄሱ የልጅ ልጅ ይማርበት። የገንዘብ ጉዳይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ገንዘቡ ለመግባቢያ ሰነድ ፊርማ ድግስ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

በዚህ መንገድ ቀደም ሲል የሄደም አለ። ታምራት አማኑኤል የቤተ እስራኤል ልጅ ነበሩ፤ በፋይትሎቪች አማካይነት አውሮፓ ተምረው ተመለሱ። በእውቀታቸው የጻፉት ስለ ወገናቸው ብቻ አይደለም፤ «ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን» ብለው የቤተ ክርስቲያኑንም የሀገሩንም ጸሐፊዎች ለሁላችን አስተዋወቁ። አውሮፓ የተበደሩትን እውቀት እዚህ፣ ስፍሩን ሞልተው መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1963 ያረፉት ኢየሩሳሌም ነው።

ብድር በምድር ይባላል። የምግባር ዕዳ በሰማይ ሳይሆን እዚሁ ይከፈላል ማለት ነው። ምጣድ ሲሆን ያንኑ ምጣድ መመለስ ይበቃል። የሰው መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ብራናውን በቦታው አስቀምጦ «ምንም አልወሰድኩም» ቢል ውሸቱን ነው፤ ጤፉን በልቶታልና። የሚቀረው መዝራት ነው።